የቸኮለው ድንኳን

አንዲት ሴት ከሆስፒታል ወጥታ በእግሯ ወደ ሰፈሯ ትሄድ ነበር። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ረፋዱ ላይ። ፊቷን አልታጠበችም፤ ያደረችው ከባሏ አልጋ ሥር ካርቶን አንጥፋ ነው። በልቧ የያዘችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰው ማግኘት።

ሰው፣ ወገኖቼ! ልብ አድርጉልኝ። ያጣችው ሰው ነው።

የሴትየዋ ስም አስካለ ይባላል። ልብስ ሰፊ ናት። እሷን በዚያ ከተማ ብዙ ሰው አያውቃትም። የባሏን ስም ከጠራችሁ ግን የተቀመጠው ሁሉ ብድግ ይላል። ደርቤ! ደርቤ ባቡሩ! የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቡድን አጥቂ የነበረው። ባቡሩ ያሉት አንዴ ከተነሣ የሚያቆመው ስላልነበረ ነው። ኳሷን ይዞ ሲነሣ ስታዲየሙ ሁሉ በአንድ አፍ «ባቡሩ መጣ! ከሐዲዱ ውረዱ!» ይል ነበር። ሥዕሉ በየግድግዳው ላይ ነበር። ስሙ በየባጃጁ ጀርባ ተለጥፎ ነበር። ልጁን ደርቤ ብሎ የሰየመ አባት ስንት ነው!

ከዚያ ጉልበቱ ተሰበረ። ጉልበቱ ሲሰበር ምን የሆነ ይመስላችኋል? ቡድኑ ሌላ አጥቂ አመጣ። ደጋፊውም ያንኑ ዘፈን፣ አንድ ቃል ሳይቀይር፣ ላዲሱ ሰጠው። አዲሱ ባቡር መጣ። አሮጌው ቤቱ ተኛ።

ሰው እንዲህ ነው። የሚጮህለትን ይወዳል እንጂ የጮኸለትን አያስታውስም።

ደርቤ ገና ጎልማሳ ነው፤ ጠጉሩ እንኳ አልሸበተም። ጨጓራው ቆሰለበት። ቀስ እያለ ሰውነቱ አለቀ፣ ቀበቶው አልይዝ አለ፣ በመጨረሻም አልጋ ያዘ። አስካለ ወደ ደጋፊዎች ማህበር ቢሮ ሄደች። ሊቀመንበሩ አቶ ሲራክ ነበሩ፤ ማልያ ከኮት በላይ የሚለብሱ ሰው። ከወንበራቸው ተነሥተው ተቀበሏት፤ ይህን አልክድም።

«ደርቤ እኮ የኛ ነው እህቴ፤ የከተማው ነው» አሏት።

«እንግዲያው ኑና እዩት፣ ጋሼ። ሌላ ነገር አልፈልግም። ሰው ሰው እያለ ነው። በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይላል።»

«እንመጣለን! ብቻ ሊጉ ይለቅ። አሁን ወራጅ ቀጠና ላይ መሆናችንን አንቺም ታውቂያለሽ። ሊጉ ሲያልቅ ሆ ብለን ነው የምንመጣ። ጭፈራ ይዘን ነው የምንመጣ!»

ጭፈራ! የታመመ ሰው ጭፈራ አማረው አላለቻቸውም እኮ። ውሃ የሚያቀብለው፣ «እንዴት አደርክ» የሚለው ሰው አማረው ነው ያለቻቸው። አመስግና ወጣች። ምን ታድርግ?

እንግዲህ ወደዚያ ቅዳሜ ልመልሳችሁ። ገና በማለዳ ሐኪሙ መጥቶ አየው። ቁስሉ ውስጥ ውስጡን እየደማ ነው፤ ዛሬ ካልተከፈተ አይተርፍም አለ። ወዲያው ከተኛበት ክፍል አውጥተው ታች ቀዶ ጥገናው አጠገብ ወዳለች ክፍል ወሰዱት። መርምረውት ሲያበቁ፣ ረፋድ ሲል ሐኪሙ አስካለን ወደ ጎን ጠራት።

«ደም ያስፈልገናል። የማንም ዓይነት ይሁን ግድ የለም፤ ሰው ይምጣና ይስጥ፣ እኛ ለሱ የሚሆነውን ለዋውጠን እናመጣለን። ከሰዓት በፊት ሰዎች አምጪ።»

እሷ ከሰጠች ቅርብ ጊዜዋ ነው፤ አይወስዱላትም። ደርቤ ወላጅ የለውም፣ ያሳደገችው አክስቱም ሞታለች። የሷ ዘመዶች ሩቅ አገር ናቸው። ይህን ስታስብ ፊቷ ሲጠቁር ደርቤ አያት። ከንፈሩ ደርቋል፤ ግን ሣቀ።

«ምን ያስጨንቅሻል አስኩ? ስታዲየሙን ሁሉ ታውቂው የለ? ለአንዱ ብትነግሪው ግልብጥ ብለው ነው የሚመጡ።»

አመነ! አያችሁ፣ ሰውየው እስከዚያ ድረስ ያምናቸው ነበር!

እሷም ስለሱ ብላ አመነች። መንገድ ላይ ማንን አስቀድማ እንደምትነግር እያሰበች፣ ወደ ማህበሩ ቢሮ በሚወስደው መንገድ በራሷ ሰፈር በኩል ታጠፈች። ስትታጠፍ ድንኳን አየች።

ትልቅ ድንኳን። የሚገባ የሚወጣ ሰው። ወንበር በባጃጅ ይራገፋል። የሴቶች ዋይታ ይሰማል። ከሷ በር አጠገብ ነው።

አስካለ ምን አሰበች? ጎረቤቷ ጋሽ ወሰኑ የከረመ ሳል ነበረባቸው። እሳቸው ሞተዋል ብላ ነው ያሰበች። ያ ሁሉ መከራ ጀርባዋ ላይ ሆኖ፣ ባሏን በሞት አፋፍ ትታ መጥታ፣ ለጎረቤቷ አዘነች! ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ደረቷን ይዛ «ወይኔ ጋሽ ወሰኑ! ወይኔ ደጉ ሰው! ሳልሰናበትዎ!» እያለች ወደ ድንኳኑ ገባች።

የሚያለቅሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

ከወንዶቹ መካከል አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«እኔማ አለሁ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ወሰኑ።

ያን ጊዜ ነው ቀና ያለችው። ከድንኳኑ ምሰሶ ላይ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ማልያ የለበሰ፣ እጁን የዘረጋ፣ የሚስቅ ሰው። ጥቁር ጨርቅ ዙሪያውን ተደርጎበታል። ባሏ ነው።

እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ ትሉኛላችሁ። ልንገራችሁ። የማህበሩ አስጨፋሪ ፋንታዬ የሚባል ሰው ነው። ያን ቀን በማለዳ አቶ ሲራክ ወደ ሆስፒታሉ ላኩት። ሊጠይቅ አይደለም፤ የቡድኑን ሻርፕ በደርቤ አንገት ላይ አድርጎ ፎቶ እንዲያነሣ ነው። «ጀግናችንን ጠየቅን» ተብሎ በማህበሩ ገጽ ላይ ሊለጠፍ። ፋንታዬ ገባ። አልጋው ባዶ ነው። ፍራሹ ተጠቅልሏል። አንሶላው የለም።

ሲስተሮች በኮሪደሩ ነበሩ። ጎን ያለው በሽተኛ ነቅቶ ነበር። «ይህ ሰው የት ሄደ?» የምትል አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረች የምትቀረው። አልጠየቀም! አንዱን እንኳ አልጠየቀም። ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ፤ ከዚያ ስልኩን አወጣና «ባቡሩ ዐረፈ» አለ።

ሊጠይቁት ጊዜ ያጡት ሰዎች ሊያለቅሱለት ጊዜ አላነሳቸውም። ማህበሩ የራሱ ድንኳን አለው፤ ወዲያው ተተከለ። ፎቶው በትልቁ ታተመ። የክልል እንግዶች ተጠሩ። አስከሬኑ ስታዲየሙን እንዲዞር ተወሰነ። አስከሬን የት አለ? እሱን የጠየቀ የለም።

አስካለ ፎቶውን አየች። ከወጣሁ በኋላ ሞቶ ይሆን? ብላ ነው የደነገጠችው። ከጎኗ የነበሩትን ወይዘሮ ትርንጎን ያዘቻቸው፤ ጎረቤቷ ናቸው።

«መቼ? እማማ፣ መቼ ነው?»

ትርንጎ እያለቀሱ «በማለዳ ነው አሉ፣ የኔ እናት። በማለዳ።»

«በማለዳ?» አስካለ ቀጥ አለች። «በማለዳማ ፊቱን ያጠብኩት እኔ ነኝ! አሁን እኮ ነው የተለየሁት! አለ! ደርቤ አለ! ደም ነው የሚፈልገው፣ ኑ! ተነሡ!»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የምናዝንበት ወግ ጉድ የሠራን። እኛ አገር መርዶ በድንገት አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ዘመድ ይዞ፣ በደጋፊ ነው የሚረዳ። የተረዳም ሰው ራሱን እንዳይጥል ግራና ቀኝ ይያዛል። ደግ ወግ ነው። እነዚያ ሴቶችም «ወይ ጉድ፣ አልሰማችም ነበር! አሁን ነው የተረዳችው!» አሉና ያዟት። ግራ እጇን ያዙ። ቀኝ እጇን ያዙ። ፍራሽ ላይ አስቀመጧት።

«ልቀቁኝ! አልሞተም ነው የምላችሁ!»

«አይዞሽ። አይዞሽ የኔ ዓለም።»

«ደም! ደም ነው ያሉኝ!»

«ደም ደም ይላታል፤ ልቧን ነክቷት ነው። አጥብቃችሁ ያዟት እንጂ!»

በጮኸች ቁጥር ያለቅሳሉ። ባለቀሱ ቁጥር ያጠብቋታል። ያ ድንኳን ሙሉ ሰው፣ ሁሉም በደም ሥሩ ደም የሚሄድ ጤነኛ ሰው፣ ደም የምትለምነውን ሴት ይዞ አለቀሰላት! ስልክ በየኪሱ አለ። ወደ ሆስፒታሉ የደወለበት የለም። የደወሉበትማ ነበሩ፤ «ና፣ ድንኳኑ ሞልቷል፣ ቦታ ሳታጣ ድረስ» ለማለት። አቶ ሲራክ ውጭ ቆመው በሜጋፎን ሰልፉን ያስተካክላሉ፤ ማልያ የለበሰ ከፊት፣ ያልለበሰ ከኋላ።

ከወንዶቹ ጫፍ፣ መውጫው አጠገብ፣ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጧል። እንድሪስ ይባላል። የባላጋራው ቡድን፣ የሲሚንቶ ፋብሪካው ግብ ጠባቂ ነበር፤ አሁን ባጃጅ ይነዳል። ደርቤ ስንት ግብ አግብቶበታል! ያ ደጋፊ «ወንፊቱ» የሚል ስም አውጥቶለት በገበያ እንኳ አላሳልፈው ብሎ ነበር። ያን ቀንም ሲገባ አልተዉትም።

«ወንፊቱ! ዛሬ ደግሞ ምን ልታሳልፍ መጣህ?»

«ደስ ብሎህ ይሆናላ! የሚያገባብህ ሄደልህ!»

በለቅሶ ቤት! አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። የመጣው ሊያለቅስ ነው፤ መልስ ሊሰጥ አይደለም።

ይህ ሰው የአስካለን ጩኸት ሰማ። ሌላውም ሰምቷል። እሱ ግን አዳመጠ። ተነሣ፣ በሴቶቹ መካከል አልፎ ፊቷ ቁጢጥ አለ።

«እህቴ፣ መቼ ነው ያየሽው?»

«አሁን! አሁን ነው የተለየሁት!»

«የት ነው ያለው?»

«ታች፣ ቀዶ ጥገናው ጋ። ከሰዓት በፊት ሰው አምጪ አሉኝ።»

«ልቀቋት» አለ እንድሪስ።

«አንተ ማነህ ልቀቋት የምትል? ራሷን ብትጥልስ?» አሉ ትርንጎ።

«እኔ እይዛታለሁ። ልቀቋት፣ እማማ። ውሸት ከሆነ መልሼ አመጣታለሁ፤ ምን ይጎድልብናል?»

ለቀቋት። ከፊሉ እየሰደበው፣ ከፊሉ «እሱም አብዷል» እያለ። በባጃጁ ጭኗት በረረ።

ደርቤ በተሽከርካሪ አልጋ ላይ ተኝቶ ነበር። በሩ ሲከፈት ቀና ሊል ሞከረ።

«ሰው አገኘሽ?»

አስካለ ምን ትበለው? እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር?

«አገኘሁ» አለች። «በራችን ላይ ሰው ሞልቷል።»

«ለኔ ነው?»

«ላንተ ነው ደርቤ። ሁሉም ላንተ ነው የመጡት።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ይመጣሉ አላልኩሽም?» አለ። ከዚያ ከኋላዋ የቆመውን ሰው አየ። «እንድሪስ? አንተም?»

«ምን ላድርግ፣ እንደ ግቡ ደሜንም ላሳልፍልህ ነው መሰል።»

«በደምህ ግብ ጠባቂ ሆኜ ብነሣስ?»

«ኧረ ከዚያ ሞት ይሻላል» አለ እንድሪስ፤ ሁለቱም ሣቁ። ሲስተሯ «አታስቁት፣ ይደማል» ብላ ተቆጣች።

እንድሪስ ሰጠ። ሲስተሯ ክንዱን በጥጥ እያሰረችለት «የርስዎ ብቻውን አይበቃም። ሌላ ሰው የለም?» አለችው።

«ሰውማ ሞልቷል። አመጣለሁ።»

ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። ክንዱ እንደታሰረ ባጃጁ ላይ ቆመና ጮኸ።

«ደርቤ አለ! አሁን አናግሬው መጣሁ! ደም ሰጥቼው መጣሁ፣ ይኸው ክንዴ! ያ ሁሉ ጨዋታ እንዲሁ ነበር እንዴ? ወንድ የሆነ ይምጣ፣ ሴት የሆነች ትምጣ፣ በምልልስ አደርሳችኋለሁ!»

ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር፣ አይደለም? ሞተ ያሉት ሰው አለ ሲባሉ እልል ሊሉ ይገባ ነበር! ማንም እልል አላለም። አቶ ሲራክ ፊታቸው ቀላ።

«ማን ላከህ?» አሉት። «ሲሚንቶዎች ናቸው የላኩህ! በሐዘናችን ልትቀልድ ነው! የክልል እንግዶች መንገድ ላይ ናቸው፤ ልታሳፍረን ነው?»

ከዚያ ሁሉም ወደ ፋንታዬ ዞሩ። ፋንታዬ ያን ጊዜ «አልጠየቅሁም፣ ባዶ አልጋ ነው ያየሁት» ቢል ምን ነበር? አንዲት ቃል! ትንሽ ይሣቅበታል፣ አንድ ሰው ይተርፋል። እሱ ግን ላቡን ጠረገና «በዓይኔ አይቼዋለሁ!» አለ። ወዲያው ደግሞ ጨመረበት። «ፊቱን የሸፈንኩት እኔ ነኝ!»

ፊቱን የሸፈንኩት እኔ ነኝ! እንዳያፍር ብሎ ሕያው ሰው ከፈነ።

እንድሪስን ገፉት። ሸሚዙን ቀደዱት። የባጃጁን መስተዋት ሰበሩበት። ባዶውን ተመልሶ ሄደ።

በኋላ፣ ሐኪሙ ያለው ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ትርንጎ ልባቸው አላርፍ ብሏቸው ሆስፒታል የምትሠራ የእህታቸው ልጅ ጋ ደወሉ። አለ። ቀስ በቀስ በድንኳኑ ሹክሹክታ ሆነ። «አለ እኮ!» «እውነት?» «አለ አሉ!» አሁንስ ሮጡ ብዬ ብነግራችሁ እንዴት ደስ ባለኝ። አንዱ መርፌ ሲያይ እንደሚያዞረው ተናገረ። ሌላው እንግዶቹን ማን ይቀበል አለ። አንዱ ሰኞ እሄዳለሁ አለ፤ ሰኞ! ሌላውማ ተናደደ። «ታዲያ ለምን ከሥራ አስቀሩን?» አለ። አላፈረም፤ እንዲህ ብሎ ተናገረ። ደርቤ ባለመሞቱ ተቀየመው!

ሰው አንድ አንድ እያለ ወጣ። ያፈረ እያፈረ፣ ያላፈረ እየሣቀ። እንድሪስ እንደገና ሲመለስ ከፎቶው ሥር ባዶ ወንበር አየ እንጂ ሰው አላገኘም። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ወደ ሆስፒታሉ የሄዱት ትርንጎና ጥቂት ሴቶች ናቸው፤ ሁሉን ኮንኜ ልዋሽ አልፈልግም። ሄዱ። ሲደርሱ ግን ሐኪሙ ከዚህ በላይ መቆየት አይችልም ብሎ፣ በተገኘችው ደም ሥራውን ጀምሮ ነበር።

አቶ ሲራክ ከድንኳኑ ሲወጡ ጠባቂውን ጠሩት።

«ድንኳኑን ለጊዜው አታንሣው» አሉት። «ለማንኛውም።»

ለማንኛውም!

ደርቤ እሑድ ማለዳ ሞተ።

አስካለ በእንድሪስ ባጃጅ ስትመጣ ድንኳኑ እንደቆመ ነው። ወንበሩ እንደተደረደረ ነው። ፎቶው እንደተሰቀለ ነው። ወሬው ቀድሟት ኖሮ ሰው ከትናንቱ ይልቅ በዝቶ ነበር፤ ፋንታዬ ከፊት ቆሞ ደረቱን ይደቃል። ባጃጁ ሲቆም ለቅሶው ተነሣ። ሴቶቹ ሊይዟት እጃቸውን ዘረጉ። እሷ ግን አላለቀሰችም። ከበሩ ላይ ቆመች።

«ሞቷል» አለች። «ዛሬ ሞቷል።»

ዋይ አሉ።

«ቆዩ» አለች። «ትናንት አለ ስላችሁ አበደች አላችሁኝ። እጄን ይዛችሁ አስቀመጣችሁኝ። ዛሬ ሞተ ስላችሁ ግን እንዴት ወዲያው አመናችሁኝ? ለምን አልጠየቃችሁኝም? ለምን አበደች አላላችሁኝም?»

አቶ ሲራክ መሬት መሬቱን አዩ። ፋንታዬ ደረቱን መድቃት ተወ። ትርንጎ ብቻ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው ሄደው እግሯ ሥር ተቀመጡ።

ቀብሩማ ደምቆ ነበር! ስታዲየሙ ሞልቶ ነበር። የክልል እንግዶች መጥተው «የማይተካ» አሉት። ዘፈኑን ዘፈኑለት። በሕይወቱ የነጠቁትን ዘፈን ለሬሳው መለሱለት።

አሁን ተናደዳችሁ፤ ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ። ሲራክን ብታገኙት አትምሩትም። ፋንታዬን ብታገኙት በጥፊ ትሉት ነበር። ደግ ነው፣ ተናደዱ። ግን እኔ የመጣሁት በነሱ ልትናደዱ አይደለም። እነሱን አታውቋቸውም። እናንተን ግን አውቃችኋለሁ።

ባለፈው የቤተ ክርስቲያናችን አሮጌ ዘበኛ፣ አባ ልሳኑ፣ ታሞ ሲተኛ ስንቶቻችሁ ሄዳችሁ? ይህንን ግቢ እኮ የጠረገ እሱ ነበር። ጫማችሁን የጠበቀ እሱ ነበር። ቤቱ ከገበያው ጀርባ ነው፤ በሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሲሞት ግን እንዴት ያለ ለቅሶ ነበር! ነጠላው ነጭ ሆኖ መንገዱን ሸፈነው። ጥቁር ልብሱን የተዋሰ ሁሉ ነበር። «አባ ልሳኑ እኮ መልአክ ነበር» አላችሁ። መልአክ መሆኑን በሕይወቱ እያለ ብትነግሩት ምን ነበረበት? ያኔ ዘበኛ ነበራ! ያኔ «አንተ ሰውዬ በሩን ቶሎ ክፈት» ነበራ የምትሉት!

ለቅሶ የሚቀል ነገር ነው፣ ወገኖቼ። ሙት አይለምናችሁም። ሙት «ነገም ና» አይላችሁም። ሙት ሽታ የለውም፣ በጊዜ ይሸፈናል። በሽተኛው ግን ይሸታል፣ ይጨቀጭቃል፣ አንዱን ነገር ደጋግሞ ይነግራችኋል። ለዚያ ነው ድንኳን ስንሮጥ አልጋ ጋ የምንዘገየው። ደግነት አይደለም፤ ምቾት ነው! ጌታ በፍርድ ቀን ስለ ድንኳናችሁ ስፋት የሚጠይቃችሁ ይመስላችኋል? ስለ አለቀሳችሁት ለቅሶ ድምፅ የሚጠይቃችሁ ይመስላችኋል?

ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። እንድሪስ ከኛ ወገን አልነበረም። ማልያው ሌላ ነው፣ ጸሎቱ ሌላ ነው። እሱን ግን አንድ ነገር ከሁላችን ለየው፤ ጠየቀ። «መቼ አየሽው? የት ነው ያለው?» አለ። ይኸው ነው። ሌላ ትልቅ ነገር አልሠራም። እናንተ ስንት ጊዜ ሰው ሲጮህ ሰምታችሁ «ልቡን ነክቶት ነው» ብላችሁ አልፋችኋል? ሚስት ስትጮህ። ጎረቤት ሲጮህ። ልጃችሁ «ደክሞኛል» ስትላችሁ። አይዞሽ እያላችሁ እጇን ይዛችሁ አስቀምጣችሁ ይሆናል እኮ!

እኔ ስናገር ሰዓት የምታዩ አላችሁ። «ይህ ሰው ደግሞ ስንተኛ ክፍል ተምሮ ነው የሚቆጣን» የምትሉም አላችሁ፤ ስንት ዓመት ስትሉት ሰምቻችኋለሁ። ይሁን። እኔን አትስሙኝ። ሰዓታችሁንም እዩ፣ አልከለክልም። አሁን በዚህች ሰዓት ግን ከናንተ የአንዳችሁ ወንድም፣ የአንዳችሁ የድሮ መምህር፣ የአንዳችሁ የተጣላችሁት ጎረቤት ተኝቶ ሰዓት ያያል። የመጠየቂያው ሰዓት ደርሷል ብሎ በሩን ያያል። ዛሬም የሚገባ ሰው ከሌለ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

ስሙን ታውቁታላችሁ። አሁን ስናገር በልባችሁ መጥቷል። ሊጉ ይለቅ አትበሉ። ሰኞ አትበሉ።

የመዝጊያ መዝሙር ዛሬ የለም። የሆስፒታሉን በር ከፍተውታል። ተነሡና ሂዱ።